ባነር ላይ የወጣው በግ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሰጡኝ ሰደርያ አልቆለፍ አለኝ። ሆዴ ትልቅ ሁኖ አይደለም፤ ሰደርያውን የሰፋው ሰው የሐይቅን ዓሣ በልቶ ስለማያውቅ ነው። ከሰደርያው ጋር አንድ ኮፍያ፣ አንድ ፓወርባንክና አንድ ስማርት ስልክ አስፈርመው ሰጡኝ። የሥራ መደቤ «የዲጂታል ማኅበረሰብ አመቻች» ይባላል። እናቴ «ምን ማለት ነው?» ብትለኝ «በስልክ የበግ ደላላ» አልኳት። «ታዲያ ድሮስ ምን ነበርክ?» አለችኝ።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ነው። ያኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስሙን ያልቀየረ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር በሩ ላይ «ለውጥ» ብሎ አስጽፎ ነበር፤ መቀሱ ግን ያው የድሮው ነው፣ ጆሮ ይነክሳል። በዚያ መሃል አንድ ፕሮጀክት መጣ። ሊጠፉ የደረሱ የአገር በጎችና የእህል ዘሮች ያሏቸውን ገበሬዎች በቴሌግራም ሊያገናኝ። አውራ ያለው አውራ ለሌለው፣ ዘር ያለው ዘሩ ለጠፋበት እንዲደርስለት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጥሩ ሐሳብ ሁሉ ግን መጀመሪያ አዳራሽ ገብቶ ብስኩት ይበላል።

አስተባባሪው አቶ ታምራት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መታወቂያውን ሲተኛም ከአንገቱ የማያወልቅ የሚመስል ሰው። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ አለቃዬም ቢሆን «አንተ» እለዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ቆሞ «ስልክም ከብትም የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን» አለ። ስልክ የሚያውቁት ልጆች ከብት አያውቁም። ከብት የሚያውቁት ሽማግሎች ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያስቀመጡ ናቸው፤ ሲጠራ ፌስታሉን ፈትተው እስኪያወጡት ይዘጋል። እኔ ተነሣሁ።

«የትምህርት ደረጃ?» አለኝ።

«የቱን ትምህርት?»

«የተማርከውን ነዋ።»

«የተማርኩትን ሁሉ ከነገርኩህ ብስኩቱ አይበቃንም።»

ሳቀና ቀጠረኝ። ጥሩ አደረገ። እኔ እንድሪስ፣ በሐይቅ የከብት ገበያ ጢም ሳላወጣ ደላላ የሆንኩ ሰው ነኝ። ወገቡን ጨብጬ ኪሎውን፣ ጥርሱን ገልጬ ዕድሜውን፣ የባለቤቱን ዓይን አይቼ ምን እንደቸገረው እናገራለሁ። ስልክ መጠገንም ማንም አላስተማረኝም፤ የራሴን አፍርሼ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያውን መልሼ መግጠም አቃተኝ። ሁለተኛውን ገጠምኩት፤ ትንሽ ብሎን ተረፈኝ እንጂ ይሠራል።

ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በማዕረግ ታምራት ባለቤት፣ እኔ ዋና አድሚን፣ ገበሬው አባል ነው። በሥራ ደግሞ እኔ ሁሉንም እሠራለሁ፣ ታምራት ሪፖርት ይጽፋል፣ ገበሬው ዝም ይላል።

ሰው ጎረፈ። የጎረፈው ግን በግ ያለው አይደለም፤ የከተማ ሰው ነው። አቤት ለጠፋ በግ የሚያለቅሰው የከተማ ሰው ብዛት! አንዱ «ማንነታችን ነው!» ብሎ ሦስት የሚያለቅስ ፊት ይለጥፋል፤ ወዲያው ከሥሩ «ለበዓል ስንት ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ቪትዝ ይሸጣል። ሙስሊሙ በየጁምዓው ጽጌረዳ ይልካል፣ ክርስቲያኑ በየእሑዱ ጽጌረዳ ይልካል፤ ጽጌረዳዋ አንድ ናት፣ ጽሑፉ ብቻ ነው የሚለያየው። ፖለቲካውንማ ተዉት። የትኛው ክልል የየትኛውን እንዳጠፋ የሚያስረዳኝ ሰው ስንት ነው፣ አንድ ጠቦት አሳድጎ የማያውቅ።

ጠዋት ጠዋት ሥራዬ መጥረግ ነበር። ጋጣ ጠርጌ ነው ያደግኩት። ግሩፕ መጥረግ ግን ከጋጣ ይከፋል፤ የጋጣው እንኳ ለማሳ ይሆናል።

ገበሬው አፉን ሲከፍት ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። «የበጋችሁን ፎቶ ላኩ» ስል የሚደርሰኝ የበግ ቂጥ ነው። ወይ በጨለማ የተነሣ ነው፤ ወይ ከቤቱ በጎች መሃል እከካሙ ተመርጦ የተላከ ነው። ምክንያቱን የሐይቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ዓይን ይፈራሉ። እኛ አገር ጥሩ እንስሳ አይታይም፤ ቢታይም አይደነቅም፤ ቢደነቅም «ማሻአላህ» ወይም «ከዓይን ያውጣው» ሳይባል አይታለፍም። አሁን ደግሞ የማይታወቅ የስንት ሰው ዓይን ስልክ ውስጥ ተሰብስቦ አፍጥጦ እያለ ማን እብድ ነው በጉን የሚያወጣ?

ታምራት ይሄን አያውቅም። ፎቶዎቹን ሰብስቦ «የአካባቢው ዝርያ በከፍተኛ ደረጃ ተዳክሟል» ብሎ ሪፖርት ጻፈ።

«ዝርያው አልተዳከመም፤ እየዋሹህ ነው» አልኩት።

«ገበሬ ለምን ይዋሻል?»

«ገበያ ላይ ወደ ላይ ይዋሻል፤ አሮጊቷን ጠቦት ናት ይልሃል። ስልክ ላይ ወደ ታች ይዋሻል፤ ጠቦቷን አሮጊት ያደርግልሃል።»

«ይሄን በሪፖርት እንዴት ነው የምጽፈው?»

«አትጻፈው።»

መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊያመጣው! ደንብ አወጣሁ። ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ባለቤቱ «ላወጣ ነው» ብሎ ይጽፋል። አባሉ ሁሉ በየሃይማኖቱ ማሻአላሁንና ከዓይን ያውጣውን ያዘንባል። ፎቶው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይመርቅ «ዋው» ያለ ይባረራል። ስንቱን ባለ ዲግሪ በ«ዋው» አባረርኩት! ታምራት «ይሄ ሳይንሳዊ አይደለም» አለኝ። ፊት ያላቸው በጎች መምጣት ሲጀምሩ ግን ሪፖርቱ ውስጥ «አሳታፊ አሠራር» ብሎ አስገባው።

አያ ሙሄን ያገኘሁት ያኔ ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚያርስ፣ ሰላቱን የማያጓድል፣ ለቀልድም ለቁጣም ፈጣን የሆነ ሽማግሌ ነው። ከደንቡም በኋላ በልጁ ስልክ ያስላከው ፎቶ የበግ ጭራ ሆነና ደወልኩለት።

«አያ ሙሄ፣ ፊቷስ?»

«ፊቷን ምን ታደርገዋለህ እንድሬ? ልታገባት ነው?»

«እንኳን በግ ሰውም ሳይታይ አይታጭም።»

«እኔ የልጄን እናት ሳላያት ነው ያገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነች» አለና ዘጋው።

ገበያ ቀን ራሱ መጣና ነገሩን አወጣው። በጓ ኑግ ትባላለች፤ ከእናቱ የወረሳት ዘር ናት፣ ጥቁሬ። ጥቁሬን ለማታውቁ፦ ትንሽ በግ ነው፣ ሥጋው ጥቂት፣ ጸጉሩ ግን እስከ ጉልበቱ የሚወርድ፣ ከሥሩ ጥቁር። ከሱ ጸጉር የተሠራ በርኖስ ቀለም አይነካውም። የነጩ በግ በርኖስ ተነክሮ ነው የሚጠቁረው፤ ዝናብ ሲመታው የባለቤቱን አንገት ያጠቁራል። አሁን ይሄ በግ የለም ማለት ይቻላል። በየሰፈሩ «ምርጥ» የተባለ ግዙፍ ነጭ አውራ ታደለና ሁሉም አዳቀለ።

«ኑግ አርጅታለች» አለኝ አያ ሙሄ። «ከንግዲህ ብትወልድ አንዴ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ። ከነጭ ከወለደች አለቀ። እናቴ ስትሞት ላሟን አይደለም አደራ ያለችኝ፣ ይቺን ነው። ጥቁር አውራ ፈልግልኝ። ወላሂ ሌላ አልጠይቅህም።»

እንግዲህ የፕሮጀክቱ ሥራ ለኔ ይሄው ሆነ። ታምራት ሠንጠረዥ ይሙላ፤ እኔ ለኑግ ባል እፈልጋለሁ።

ግሩፑ ላይ ጠየቅኩ። አልቃሹ አለቀሰ፣ ቪትዝ ሻጩ ቪትዙን ቀነሰ፣ አንድ አባል ግን ቁምነገር ጻፈ፦ አምባሰል፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ፣ የተሳላሚው አውቶብስ ቆሞ ሰው በእግሩ መውጣት ከሚጀምርበት አለፍ ብሎ፣ ጸጉር የሚፈትሉ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት አሉ፤ «ጌታው» የሚሉት ጥቁር አውራ አላቸው። ሰደርያዬን ሳልቆልፍ ወጣሁ።

እትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ እንዝርት እያሽከረከሩ አገኘኋቸው። ፈትላቸውን ሳያቆሙ ነው ያናገሩኝ።

«ስለ ጥቁሩ አውራ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ማን ነገረህ?»

«ቴሌግራም።»

«የማን ልጅ ነው እሱ?»

አስረዳኋቸው። ስልኬን አሳየኋቸው።

«ልትገዛው ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ላስተዋውቀው ነው።»

«ለማን?»

«ለዓለም።»

«ዓለም ሴት በግ አለው?»

«የለውም። አንድ አያ ሙሄ የሚባል የአርዲቦ ሰው ግን አለው።»

«እንዲያ በል» አሉና እንዝርቱን አስቀመጡ። «የሰውየውን በግ አምጣት። ዓለሙን ተወው።»

ፎቶ ግን ያስፈልገኛል፤ ያለ ፎቶ ታምራት የውሎ አበል አይፈርምም። ለመንኳቸው። ብዙ አሰቡና ወደ ጓሮ ዞረው አንድ አውራ በግ እየጎተቱ መጡ። ጥቁር፣ ጥጃ የሚያክል! ወገቡን ጨበጥኩት፤ እጄ አልሞላ አለ። ጥርሱን ገለጥኩ። «ማሻአላህ! ንጹሕ ጥቁሬ! እትዬ ዘነበች፣ ከእንድሪስ እጅ የሚያመልጥ በግ የለም» አልኩ።

«እሱስ፣ እጅህ የታወቀ ነው» አሉኝ።

ሙገሳ ደስ ይለኛል፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

ታምራት ፎቶውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ለግሩፑ ብቻ አልበቃውም፤ ባነር አሠራበት። ቤት የሚያክል ባነር! በጉ መሃል ላይ፣ ከላይ «ብርቅዬ ሀብታችን»፣ ከሥር የቀበሌው ስም። ጀርባው ላይ የተቆረጠ እጅ ይታያል፤ የኔ ነው፣ ቀሪዬን ቆርጠውታል። መኪና መንገዱ ዳር ሁለት ቋሚ ተክለው ሰቀሉት። ማሻአላህ የሚል ቃል ደግሞ የትም ቦታ የለበትም። «ጻፉበት» ብል «ዲዛይኑን ያበላሻል» አለኝ።

አያ ሙሄ ባነሩን በስልኬ አይቶ አንገቱን ነቀነቀ።

«ይሄ ጥቁሬ ነው? ጥቁሬ እንዲህ አይገዝፍም።»

«ደጋ ነዋ፣ የገብስ ገለባ እየበላ።»

«ገለባ አጥንት ያስረዝማል እንዴ?»

«አያ ሙሄ፣ በግ የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ዝም አለ። እኔን ዝም ያሰኘ ሰው ሐይቅ ላይ የለም፤ እኔ ዝም ያሰኘሁት ግን ብዙ ነው።

ኑግን እዚያ ተራራ ሥር እንዴት እናድርሳት? ዘዴውን አሁንም እኔ ነኝ የቀየስኩት። መስከረም ላይ ለግሸን ንግሥ አውቶብሱ ሁሉ ወደዚያው ነው። እትዬ ዘነበች መውረጃው ላይ ቆመው ይቀበሏታል። ኑግን ለአንዱ የአውቶብስ ረዳት ሰጠሁ፦ «የሙሄ በግ ናት፣ እትዬ ዘነበች ለሚባሉ ሴት አስረክብ።» ረዳቱ እሺ አለ። ረዳት እሺ ያላለው ነገር የለም።

አያ ሙሄ ግን እኔ ዘወር ስል በበጓ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረባት። ለዓይን። በመንገድ የሚያያት ሰው ዓይኑ ጨርቁ ላይ ይረፍ ብሎ ነው። ታዲያ በግሸን አውቶብስ ላይ፣ በመስከረም፣ ጨርቅ አንገቷ ላይ የታሰረላት በግ ምንድን ናት? ስለት ናት! አውቶብሱ ሲቆም ተሳላሚው አይቷት እልል አለ። «የማን ስለት ናት?» ሲሉ ረዳቱ «የሙሄ» አለ። ሙስሊም ነው ብሎ የገረመው አንድም ሰው የለም፤ ወሎ ነው፣ ግሸን የሚሳለው ክርስቲያን ብቻ አይደለም። እንዲያውም እልልታው ጨመረ። ኑግን ይዘዋት ወጡ።

እትዬ ዘነበች ከኋላ ሮጡ። «በጊቱ የሰው ናት! ለአውራ ነው የመጣች!» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ላይ ደርሰው አገኟት፤ የስለት በግ ለጨረታ ቀርባለች። አንድ የሆቴል ሰው ለወጥ ይጫረታል። እትዬ ዘነበች ለበርኖስ የፈተሉትን የዓመት ጸጉር ለጎረቤት አስይዘው ተጫረቱና አስቀሯት።

አያ ሙሄ ሲሰማ ደስ ይለዋል ብዬ ደወልኩለት።

«ማን ሰጠልኝ? ማን ተሳለልኝ? መርየምን እኛም እናከብራለን፣ ቁርኣን ውስጥ ስሟ አለ፤ ግን በጊቱ የኔ ናት! መልሱልኝ!»

እትዬ ዘነበች ደግሞ በቁልፍ ስልካቸው፣ ኔትዎርክ የሚይዝላቸው ድንጋይ ላይ ቆመው፦ «በማርያም ስም ተጠርታ የገዛኋትን በግ እንዴት ነው የምመልስ? ስለት ተመልሶ ያውቃል?»

ወሬው ግሩፕ ገባ። ያን ጊዜ የማያገባው ሁሉ አገባው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በግ በሥጋ ቤት መስኮት ብቻ የሚያውቅ ሰው የሃይማኖት ክርክር ከፈተ። የበግ ጉዳይ የአገር ጉዳይ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጠረግኩ፤ እየጠረግኩ ይጨምራሉ። ታምራት «ለሁለቱም ወገን ደብዳቤ እንጻፍ» አለኝ። «ሁለቱም ወገን ማንበብ አይችልም» አልኩት።

በኋላ ግሩፑን ቆለፍኩና በስልክ ሽምግልና ተቀመጥኩ። ስማርቱ ላይ አያ ሙሄን ደወልኩ፣ በሌላው ስልኬ እትዬ ዘነበችን፤ ሁለቱንም ድምፃቸውን ከፍቼ አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው። መሃላቸው እኔ። በዓለም ላይ ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

«እታለም፣ በጎቹን ነው የምትወጂ ወይስ ክርክሩን?» አለ አያ ሙሄ።

«አንተስ አያ ሙሄ፣ በጊቱን ጠልተሃት ነው ስለት ያስመሰልካት?»

«ጨርቁ ለዓይን ነው!»

«እኔም ያስቀረኋት ከዓይን ነው። ከሆቴል ዓይን።»

አያ ሙሄ ሳቀ። ሲስቅ አለቀ ማለት ነው። በርቢ ደንብ ጨረስን፣ አባቶቻችን ከብት ሲሰጣጡ እንደሚያደርጉት፦ ኑግ እስክትወልድ እትዬ ዘነበች ዘንድ ትቀመጥ፣ ግልገሉ የእሳቸው፣ እናቲቱ ወደ ባለቤቷ። ማርያምም በግልገሉ ድርሻዋን አገኘች። ኑግ የካቲት ላይ ጥቁር ሴት ወለደች፤ ግልገሏ ጡት ስትተው እናቲቱ በአውቶብስ አርዲቦ ተመለሰች። ያለ ጨርቅ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ሐይቅ ሲደርስ ኔትዎርክ ቀድሞ ሸሸ፤ ቀጥሎ የፕሮጀክቱ መኪና። ታምራት ሲወጣ «ግሩፑን አደራ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ እናቴ መራመድ ስለማትችል ቀረሁ። ስልኬን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። ቤት ሊፈትሽ የመጣው ሁሉ ጆንያውን ከፍቶ፣ አስነጥሶ፣ ዘግቶ ሄደ። የበላነውንና ያልበላነውን አልዘረዝርም፤ የሐይቅ ሰው ያውቀዋል፣ ያልነበረው ደግሞ ቢነገረው ሦስት የሚያለቅስ ፊት ነው የሚልክ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ እጄ ስልክ ይፈልጋል። የሚጠረግ አልነበረም። ቪትዝ ሻጩ እንኳ ናፈቀኝ።

ኔትዎርክ ሲመለስ ስልኬን አውጥቼ፣ አስነጥሼ፣ ከፈትኩት። የመጀመሪያው መልእክት ቪትዝ ነው። ሁለተኛው ከአምባሰል፣ ያ ቁምነገረኛ አባል፦ «የታጠቁ ሰዎች ባነሩን አይተው፣ ቀበሌውን ጠይቀው፣ እትዬ ዘነበች ቤት ገብተው የባነሩን በግ አርደው በሉት። የኑግን ልጅም ወሰዷት።» ከሥሩ ለቅሶው ጎርፏል። ታምራትም ደወለ። ጥቁሬ ጠፍቷል ብለው ሪፖርት ልከው ፕሮጀክቱን ዘግተዋል። «በጣም ያሳዝናል» አለኝ።

«ባነሩስ?» አልኩት።

«ባነሩ ተርፏል» አለ። ያሳዝናል ያለው ሰውዬ፣ ይሄን ሲል ደስ ብሎታል።

በእግሬ አርዲቦ ሄድኩ። የአያ ሙሄ በረት ባዶ ነው። በሬ የለ፣ ላም የለ። ደጃፉ ላይ ብቻ አንዲት ግራጫ በግ ቆማለች፤ እከክ የበላት፣ የምትሸት፣ ጸጉሯ የተንጨባረረ።

«አያ ሙሄ፣ ይቺን እንኳን ሰው ጅብም አይበላት» አልኩት።

«መጀመሪያ ማሻአላህ በል» አለኝና ባልዲ አንሥቶ ወደ ሐይቁ ወረደ።

አመድ፣ እበትና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር። ውኃው ሲነካት ከሥር ጥቁሩ ብቅ አለ። ኑግ።

«ሁሉን ነዱት» አለኝ እያጠባት። «እሷ ጋ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ያዙ።» ከዚያ ባልዲውን አስቀመጠ። «ለምን እንዳተረፍኳት ግን እንጃ። አውራ የላትም። እንድሬ፣ ይሄ የመጨረሻ ዓመቷ ነው።»

እትዬ ዘነበችን ልናስተዛዝን ሁለታችን ወጣን። ቤታቸው በር የለውም፤ በሩን ለማገዶ ወስደውታል። ተላቀስን። አያ ሙሄ ፋቲሓ አደረገ። ስለ ጌታው ምን እንደምል ስላላወቅኩ ያልኩት ይሄን ነው፦ «ያን የመሰለ ወገብ፣ እትዬ ዘነበች! አሁንም እጄ ላይ አለ።»

እሳቸው አያ ሙሄን አዩት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። የጭድ ክምር ሲንኮሻኮሽ ሰማን። አንድ ትንሽ በግ እየመሩ ወጡ። ጥቁር ነው፤ ጸጉሩ ጉልበቱን አልፎ ይጎተታል፣ ካባ የለበሰ ይመስላል።

«ይሄ ማነው?» አልኩ።

«ጌታው ነዋ።»

«ጌታውማ ተበላ! ባነር ላይ የነበረው!»

«እሱማ ባሻ ነበር። የምርጡ አውራ ዲቃላ። አንተ በዚያ ስልክህ ስትመጣ እሱን አወጣሁልህ።»

«ወገቡን ጨብጬው! ጥርሱን ገልጬው!»

«ጨበጥከው። ሥጋ ስትጨብጥ የኖርክ ሰው ነህ፣ ሥጋ ጨብጠህ ደስ አለህ። ጸጉሩን አንዴ እንኳ አልነካኸውም።»

አያ ሙሄ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከጦርነቱ በኋላ ሰው እንዲያ ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው፤ የሚስቀው ደግሞ በኔ ነው። «ገለባ አጥንት ያስረዝማል!» እያለ እንባውን ይጠርጋል።

«የታጠቁት ሲመጡ የባነሩን በግ አሉኝ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ባሻን እያለቀስኩ ሰጠኋቸው። የውሸት አላለቀስኩም፤ ባሻም ነፍስ ነው። ግልገሏን ግን ደጅ አገኟት፣ አላዳንኳትም።»

«የግልገሏ አባትስ?» አለ አያ ሙሄ።

«ጌታው ነው። የሰው አደራ ለዲቃላ እሰጣለሁ?»

በማግሥቱ አርዲቦ ወርደን ኑግን አመጣናት፤ በእግሯ፣ እየተፈራረቅን እየሳብናት። በዚያው ዓመት ወለደች፤ ሴት፣ ከሥሯ ጥቁር። አያ ሙሄ «አዝሙድ» አላት።

እኔ ደግሞ ማሰብ ጀመርኩ። እትዬ ዘነበች እኔን፣ እንድሪስን፣ ካታለሉኝ፣ ያ ሁሉ እከካም ፎቶ የላከ ገበሬስ? ፎቶ ሳልጠይቅ ለየአንዳንዱ ደወልኩ። «አውራ ተገኝቷል፣ ጥቁር ሴት ያለው ሰው ይንገረኝ፣ ላየው አልመጣም» አልኳቸው። የአንዱ ከግርግም ኋላ፣ የሌላው ከአማቱ ቤት ጥቁር በግ መውጣት ጀመረ። አንዱ ጋ ለአዝሙድ የሚሆን፣ ከአባቷ ከጌታው የማይዛመድ አውራ ጠቦትም ተገኘ። ታምራት ተዳክሟል ብሎ የጻፈው፣ በኋላም ጠፍቷል ብሎ የዘጋው በግ በየቤቱ ተደብቆ ገለባውን ይበላ ነበር። ደውዬ ነገርኩት። «ሪፖርቱ ላይ እኮ ጠፍቷል ብለናል» አለኝ። «ይጥፋ» አልኩት። ሪፖርት ላይ መጥፋት በግ አይገድልም።

ግሩፑ አሁንም አለ፤ ዋና አድሚኑ እኔው ነኝ፣ ሰደርያውን እናቴ ለእግር መጥረጊያ አደረገችው። ፎቶ አይለጠፍም። «አውራ አለኝ»፣ «ሴት አለችኝ»፣ «ጥንቅሽ ማሽላ ዘር ጠፋብኝ» ብሎ የጻፈን ሰው ከሚመስለው ሰው ጋር በስልክ አገናኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ እነሱ ያውቃሉ።

ይሄን ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይሄንኑ ነው። ዘር የሚያተርፈው ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው፤ ማሳየት አይደለም። ጸጉሩንም ንኩ።

ጌታውን ካላሳየኸን ብሎ የሚጨቀጭቀኝ የከተማ ሰው አሁንም አይጠፋም። የባሻን ፎቶ እልክለታለሁ። እስከ ዛሬ «ዋው» ያላለ የለም።